የስምንት ሰዓት ሩጫ፦ የ1997ቱ የጋማ ጨረር ፍንዳታ አድራሻ በማሊንዲ በኩል እንዴት ተገኘ

የካቲት 21 ቀን 1989 ዓ.ም. ዓርብ ሊነጋጋ ሲል፣ ቤፖሳክስ የተባለው የጣሊያንና የኔዘርላንድስ ሳተላይት 600 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ምድርን ሲዞር የጋማ ጨረር ቆጠራው በድንገት ዘለለ። ሰዓቱ በዓለም አቀፍ አቆጣጠር 02:58፣ በእኛ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ነበር። ቆጠራው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰከንዶች ጣሪያ ነካና ወረደ። ከ40 ሰከንድ ያህል በኋላ ደከም ባሉ ጉብታዎች ተመልሶ ብቅ አለ፤ በ80 ሰከንድ ውስጥ ሁሉም ነገር አለቀ። የጋማ ጨረር ፍንዳታዎች (ከጠፈር የሚመጡ አጭር የጋማ ጨረር ብልጭታዎች) በታዩበት ቀን ስለሚሰየሙ ይህኛው ጂአርቢ (የእንግሊዝኛ ምህጻሩ ነው) 970228 ተባለ፦ ዓመት፣ ወር፣ ቀን በፈረንጆቹ አቆጣጠር። ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ቀኖችና ዓመቶችም በዚያው አቆጣጠር ናቸው።

እስከዚያ ቀን ድረስ ፍንዳታዎቹን የሚያይ አልጠፋም፤ የጠፋው አድራሻቸው ነው። የአሜሪካ የቬላ ሳተላይቶች የኑክሌር ሙከራ የሚደብቅ አገር ካለ ለመያዝ ጠፈር ላይ ዘብ ቆመው ሳለ በ1967 የመጀመሪያውን መዘገቡ፤ ነገሩ በሳይንስ መጽሔት የታተመው በ1973 ነው። ከ1991 ጀምሮ ደግሞ በኮምፕተን የጠፈር ታዛቢ ላይ የተጫነው ባትሲ በ9 ዓመት ውስጥ 2704 ፍንዳታዎችን ቆጠረ፤ በአማካይ በየቀኑ አንድ ለማለት ትንሽ የሚጎድለው። ሆኖም ከየት እንደሚመጡ የሚያውቅ አልነበረም። በሚያዝያ 1995 ዋሽንግተን ላይ ቦህዳን ፓቺንስኪና ዶናልድ ላምብ በአደባባይ ተከራከሩ። ፓቺንስኪ ፍንዳታዎቹ በዩኒቨርስ ዳርቻ ካሉ ሩቅ ጋላክሲዎች ይመጣሉ አለ፤ ላምብ የእኛን ጋላክሲ ከከበበው ሰፊ ሉል መሳይ ቀጠና ነው አለ። በሁለቱ ግምቶች መካከል ያለው የርቀት ልዩነት ከአሥር ሺህ እጥፍ ይበልጣል። አንድ ነገር ጓሮ ይሁን ባሕር ማዶ ካልታወቀ ስለ ጉልበቱ ምንም ማለት አይቻልም።

ጋማ ጨረርን ማንጸባረቅ ከባድ ስለሆነ እንደ ተራ ቴሌስኮፕ በመስታወት ሰብስቦ ምስል መሥራት አልተቻለም። ባትሲ ያደረገው ስምንት ጠፍጣፋ መቁጠሪያዎችን በሳተላይቱ ስምንት ማዕዘኖች ላይ ማስቀመጥ ነው። ወደ ፍንዳታው ፊቱን ያዞረው ብዙ ይቆጥራል፣ በጎኑ የሚያየው ጥቂት፤ ከቆጠራዎቹ ጥምርታ አቅጣጫው ይሰላል። ዘዴው መላውን ሰማይ ያያል፣ ዋጋው ግን ጥቂት ዲግሪ የሚደርስ ስህተት ነው። የ3 ዲግሪ ሬዲየስ ያለው የስህተት ክብ 28 ካሬ ዲግሪ ይሸፍናል፤ በውስጡ 140 ያህል ሙሉ ጨረቃዎች ጎን ለጎን ይገባሉ። ያን ያህል ሰማይ ውስጥ በትልቅ ቴሌስኮፕ እየፈለጉ አዲሱን ነጥብ መለየት ጤፍ በሞላ ጎተራ ውስጥ አንዲት ፍሬ እንደ መፈለግ ነው። ሬዲየሱ ከ3 ዲግሪ ወደ 3 ቅስት ደቂቃ ቢወርድ (ቅስት ደቂቃ የዲግሪ 60ኛ ነው) የሚፈተሸው ሰማይ 3600 ጊዜ ያንሳል። የቤፖሳክስ ቁም ነገር ሁሉ እዚህ ቁጥር ውስጥ አለ።

ሳተላይቱ ሲሠራ የጋማ ፍንዳታ አዳኝ ተብሎ አልነበረም። ስሙ ራሱ በጣሊያንኛ የኤክስሬይ አስትሮኖሚ ሳተላይት ማለት ሲሆን፣ «ቤፖ» የተጨመረው የፊዚክስ ሊቁን ጁዜፔ ኦኪያሊኒን ለማስታወስ ነው። ሚያዝያ 30 ቀን 1996 ከኬፕ ካናቬራል ተወነጨፈ። ለዚህ ጉዳይ የሚያስፈልጉን ሦስት ክፍሎቹ ናቸው።

የመጀመሪያው የፍንዳታ መቆጣጠሪያው ነው። የሳተላይቱ ከፍተኛ ኃይል ኤክስሬይ መሣሪያ ከጎን የሚመጣ ጨረር እንዳያደናግረው በአራት ጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባላቸው የሲዚየም አዮዳይድ ክሪስታል ጋሻዎች ታጥሮ ነበር። ጋማ ፎቶን ሲመታቸው ክሪስታሎቹ ብልጭ ይላሉ፣ ብልጭታው ይቆጠራል። ፊሊፖ ፍሮንቴራ፣ ኤንሪኮ ኮስታና ባልደረቦቻቸው ከጋሻው ላይ የሚጣለውን ቆጠራ ራሱን መረጃ አድርጎ መጠቀም ይቻላል አሉ፤ እናም ጋሻው ከ40 እስከ 700 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት (የጨረር ኃይል መለኪያ ነው) የሚቆጥር የፍንዳታ ደወል ሆነ። አጥር ሆኖ የቆመው ዘበኛም እንዲሆን ተደረገ ማለት ነው፤ ወጪውም ከአዲስ መሣሪያ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ሁለተኛው የኔዘርላንድስ ሰዎች የሠሯቸው ሁለት ሰፊ እይታ ካሜራዎች ናቸው፤ ጀርባና ጀርባ ሆነው በተቃራኒ አቅጣጫ ያያሉ። እያንዳንዱ በዳርቻው እየደከመም ቢሆን 40 በ40 ዲግሪ የሚሆን ሰማይ ይሸፍናል፣ የሚቆጥረውም ከ2 እስከ 28 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ያለውን ኤክስሬይ ነው። አሠራሩ የወንፊት ነው። ከፊት 256 በ256 ክፍሎች ያሉት፣ እያንዳንዱ ክፍል 1 ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ሳህን አለ፤ ከክፍሎቹ 33 በመቶው ክፍት፣ ቀሪው ድፍን ነው፣ አደራደሩም ዘፈቀዳዊ የሚመስል። ከሳህኑ ኋላ በ70 ሴንቲ ሜትር ርቀት ዜኖን ጋዝ የተሞላ ቆጣሪ ተቀምጧል። ከአንድ አቅጣጫ የሚመጣ ኤክስሬይ የወንፊቱን ጥላ በቆጣሪው ላይ ይጥላል፤ ምንጩ ትንሽ ቢዛወር ጥላውም ይዛወራል። ኮምፒውተር የተመዘገበውን ጥላ ከወንፊቱ ቅርጽ ጋር እያንሸራተተ ያመሳክርና የሚገጥምበትን ቦታ ያገኛል። የ1 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በ70 ሴንቲ ሜትር ርቀት 5 ቅስት ደቂቃ ያህል ነው፤ ምንጩ ብሩህ ከሆነ የጥላውን መሃል ከዚያ በተሻለ ጥራት መለየት ይቻላል። ከአራቱ የክሪስታል ጋሻዎች ሁለቱ ከነዚህ ካሜራዎች ጋር በአንድ አቅጣጫ ያዩ ስለነበር፣ በካሜራው መሃል የወደቀ ፍንዳታ ደወሉንም በደንብ ይመታል። ይህ ግጥምጥሞሽ ብዙ ነገር አቀለለ።

ሦስተኛው ክፍል ጠባብ እይታ ያላቸው ቴሌስኮፖች ናቸው፤ ከሰፊዎቹ ካሜራዎች ጋር 90 ዲግሪ ይፈጥራሉ። ዝቅተኛ ኃይል ኤክስሬይ በመስታወት ላይ በጣም በጠፍጣፋ ማዕዘን ሲያርፍ ይንጸባረቃል፤ ስለዚህ 30 ቀጫጭን ወርቅ የተቀቡ የኒኬል ቀፎዎች አንዱ በሌላው ውስጥ ተሰክተው በ1.85 ሜትር ርቀት ላይ ምስል ይሠራሉ። የእይታቸው ስፋት 56 ቅስት ደቂቃ ብቻ ቢሆንም ደካማ ምንጭን በማየት ሰፊዎቹን ካሜራዎች በብዙ እጥፍ ይበልጣሉ።

እንግዲህ ዕቅዱ እንዲህ ነበር፦ ጋሻው ደወል ይደውላል፣ ወንፊቱ አድራሻ ይሰጣል፣ ከዚያ ሳተላይቱ 90 ዲግሪ ያህል ዞሮ ጠባቡን ዓይን እዚያ አድራሻ ላይ ያነጣጥራል። ወረቀት ላይ ቀላል ነው። የሚያስቸግረው በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ሰው መኖሩ፣ ሰውየው ደግሞ ሮም መቀመጡ ነው።

የቤፖሳክስ ምህዋር ከምድር ወገብ 4 ዲግሪ ያህል ብቻ ያጋደለ ነበር። ምክንያቱ ሁለት ነው። በምድር ወገብ ላይ ዝቅ ብሎ የሚበር ሳተላይት በደቡብ አትላንቲክ ላይ ያለውን በኤሌክትሪክ የተሞሉ ቅንጣቶች ክምችት በዳርቻው ብቻ ነክቶ ያልፋል፤ የምድር መግነጢስም እዚያ ኮስሚክ ጨረርን በደንብ ይመልሳል፣ ስለዚህ የዳራ ቆጠራው ዝቅተኛና የተረጋጋ ይሆናል። ሁለተኛው ምክንያት ማሊንዲ ነው። በኬንያ የሕንድ ውቅያኖስ ጠረፍ ላይ ጣሊያኖች ከ1960ዎቹ ጀምሮ የጠፈር ጣቢያ አላቸው፤ ከባሕሩ ላይ ከቆመው የሳን ማርኮ መድረክ በታኅሣሥ 12 ቀን 1970፣ በኬንያ የነጻነት በዓል ዕለት፣ የመጀመሪያው የኤክስሬይ ሳተላይት ተወንጭፎ በስዋሂሊ «ኡሁሩ» (ነጻነት) ተብሏል። ቤፖሳክስ በ97 ደቂቃ ምድርን አንዴ እየዞረ በየዙሩ በማሊንዲ ሰማይ ላይ ያልፍና ለ10 ደቂቃ ያህል ከአንቴናው ጋር ይገናኛል። ከዚያ ከፍታ አድማሱ 24 ዲግሪ ያህል ስለሚደርስ አዲስ አበባም በየዙሩ በእይታው ውስጥ ትገባ ነበር፤ በደቡብ ሰማያችን ላይ በቀን 14 ጊዜ ያህል ሲያልፍ ማንም ልብ አላለውም እንጂ።

በአንድ ዙር የተሰበሰበው መረጃ በሳተላይቱ የቴፕ መቅጃ ላይ ይከማቻል፤ መጠኑ 450 ሜጋቢት ነው። ማሊንዲ ላይ ሲደርስ ሁሉም ይራገፍና በመገናኛ ሳተላይት ወደ ጣሊያን ይላካል። ሳተላይቱ ማሊንዲን እንዳለፈ ወዲያው ፍንዳታ ከደረሰ መሬት ላይ ያለው ሰው የሚያውቀው ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ትእዛዝ ወደ ላይ የሚወጣውም በዚያው በር፣ በዚያችው 10 ደቂቃ ነው። አንድ ዙር ካመለጠ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ጠፋ።

ሮም ባለው ማዕከል ተረኛ ሳይንቲስት በየዙሩ የሚሠራው ይህን ይመስላል። በቅድሚያ የደወል ምዝገባ መኖሩን ያያል። ደወሉ የሚደውለው ቆጠራው ከተንቀሳቃሽ አማካዩ በላይ ከተወሰነ ሲግማ (የቆጠራው የተለመደ መዋዠቅ መለኪያ) ሲያልፍ፣ ያውም ከአራቱ ጋሻዎች ቢያንስ በሁለቱ ላይ ሲሆን ነው። ሁለት እንዲሆን የተፈለገው ከባድ የኮስሚክ ጨረር ቅንጣት አንዱን ክሪስታል ሲመታ ክሪስታሉ ለጥቂት ጊዜ ማብራቱን ስለማያቆም፣ አጭር ፍንዳታ የሚመስል ሐሰተኛ ሾጣጣ ስለሚፈጥር ነው። ደወል በተደወለ ጊዜ መሣሪያው ከደወሉ በፊት 8 ሰከንድ፣ ከደወሉ በኋላ 98 ሰከንድ ያለውን ቆጠራ በሚሊ ሰከንዶች ከፋፍሎ ያስቀምጣል። የፀሐይ ፍላር ከሆነ የቆጠራው አነሳስና የምንጩ አቅጣጫ ያሳብቃል።

ቀጥሎ የሰፊ ካሜራዎቹን ቆጠራ በዚያው ሰከንድ ላይ ያመሳክራል። በካሜራ ላይ ብቻ የታየ ነገር አብዛኛውን ጊዜ የእኛው ጋላክሲ የኒውትሮን ኮከብ ፍንዳታ ነው፤ ከ40 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት በላይ ስለማያበራ ጋሻውን አይነካም። በጋሻው ላይ ብቻ የታየ ከሆነ እውነተኛ ፍንዳታ ሊሆን ይችላል፣ ግን ከካሜራ ውጭ ስለሆነ አድራሻ የለውም፤ ተመዝግቦ ይታለፋል። ሁለቱ ካሜራዎች በአንድ ላይ የሚሸፍኑት ከሰማዩ 8 በመቶ እንኳ ስለማይሞላ አብዛኛው ፍንዳታ በዚህ መንገድ ያመልጣል። ሁለቱም ላይ ከታየ የፍንዳታው ሰከንዶች ብቻ ተነጥለው ምስል ይሠራል፣ ከዚያ በፊት ያለው የሰማይ ምስል ይቀነሳል፣ አዲስ ነጥብ ቀረ ወይ ይባላል።

ነጥቡ ከተገኘ በኋላ የማነጣጠር ዕቅድ ይዘጋጃል። የፀሐይ ፓነሎቹ ብርሃን እንዳያጡ ጠባቦቹ ቴሌስኮፖች የሚያዩት ከፀሐይ ወደ 90 ዲግሪ አካባቢ፣ ወዲህና ወዲያ 30 ዲግሪ ውስጥ ያለ ዒላማ ብቻ ነው። የአቅጣጫ መሪ ኮከቦች ይመረጣሉ፣ ሲካሄድ የነበረው የሌላ ተመራማሪ ምልከታ ይቋረጣል፣ ትእዛዙ ይጻፋል፣ ይፈተሻል፣ ማሊንዲ ይጠበቃል።

ይህ ሁሉ አንድ ቀን ተነሥቶ የሠራ አይደለም። ሐምሌ 20 ቀን 1996 የደረሰው ፍንዳታ በካሜራው ውስጥ መውደቁ የታወቀው መረጃው ቆይቶ ሲበጠር ነበር። ጠባቡ ዓይን እዚያ የደረሰው ከ45 ቀን በኋላ ነው፤ አንድ ደካማ ምንጭ ቢያይም ከፍንዳታው ጋር ዝምድና አልነበረውም። ሆኖም ጋሻና ወንፊት ተባብረው ፍንዳታ መያዝ እንደሚችሉ ተረጋገጠ፤ የቀረው ፍጥነት ብቻ ነበር፣ ለዚያም ሌት ተቀን የሚሠራ ተረኛ ተመደበ።

ጥር 11 ቀን 1997 ሁለተኛው ዕድል መጣ። ቡድኑ በ16 ሰዓት ውስጥ ጠባቡን ዓይን አደረሰ። የመጀመሪያው የስህተት ክብ 10 ቅስት ደቂቃ ሬዲየስ ነበረው። በዚያ ክብ ውስጥ ኤክስሬይ ምንጮች ታዩ፤ ኒው ሜክሲኮ ባለው የሬዲዮ ቴሌስኮፖች ስብስብም ጠባዩ ያልተለመደ የሬዲዮ ምንጭ እዚያው ተገኘ። ሰው ሁሉ «ተያዘ» አለ። ከዚያ የሳተላይቱ የአቅጣጫ ስሌት ታርሞ፣ ሌሎች መንኮራኩሮች የመዘገቡት የመድረሻ ሰዓት ተጨምሮበት ክቡ ሲጠብ፣ ሬዲዮው ምንጭ ከክቡ ውጭ ቀረ። ስህተቱ የመጣው ከካሜራው ጥራት ሳይሆን ካሜራው ወደየት እያየ እንደነበር በልክ ካለማወቅ ነው። በወንፊት ካሜራ ውስጥ ነጥቡን በ1 ቅስት ደቂቃ ጥራት መለየት ዋጋ የሚኖረው የሳተላይቱ አቋም በዚያው ልክ ሲታወቅ ነው። በእኛ ግምት የየካቲቱ ስኬት ግማሹ የተከፈለው በዚህ የጥር ስህተት ነው፤ የአቅጣጫው እርማት ዝግጁ ሆኖ ጠበቀ፣ ሰዉም ክብ ውስጥ የተገኘውን ሁሉ መቀበል እንደሌለበት ተምሯል።

ወደ የካቲት 28 እንመለስ። ፍንዳታው በአንደኛው ሰፊ ካሜራ ውስጥ ወደቀ። ቦታው በኦራዮን ኅብረ ኮከብ አካባቢ፣ ቀኝ እርገቱ (የሰማይ ኬንትሮሱ) 5 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ያህል፣ ዝንባሌው (የሰማይ ኬክሮሱ) ወደ 12 ዲግሪ ሰሜን ሆኖ ተሰላ፤ ስህተቱ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ወደ 3 ቅስት ደቂቃ ሬዲየስ ወረደ። ዕድልም አግዟል። በዚያን ቀን ይህ የሰማይ ክፍል ከፀሐይ 96 ዲግሪ ያህል ይርቅ ነበር፤ ለፀሐይ ፓነሎቹ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ኦራዮን በየካቲት መጨረሻ የምሽት ሰማይ ነው፤ ስለዚህ በምድር ያሉ ቴሌስኮፖችም በዚያው ምሽት ሊያዩት ይችላሉ።

በዓለም አቀፍ ሰዓት 11:14 ገደማ፣ ከፍንዳታው 8 ሰዓት ያህል በኋላ፣ ጠባቡ ዓይን ዒላማው ላይ ነበር። 8 ሰዓት ብዙ ይመስላል፤ በማሊንዲ ሲለካ ግን 5 ዙር ነው፦ መረጃ ለማውረድ፣ ለመተንተን፣ ዕቅድ ለመሥራት፣ ትእዛዝ ለመስደድና ለመዞር የተረፈው አምስት ጊዜ የ10 ደቂቃ በር ብቻ። በክቡ ውስጥ ከዚህ በፊት በካታሎግ ያልታወቀ ኤክስሬይ ምንጭ ታየ። ከ2 እስከ 10 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ባለው ክልል ፍሰቱ በካሬ ሴንቲ ሜትር በሰከንድ 2.8 የአንድ ትሪሊዮንኛ ኤርግ ነበር፤ የቦታው ስህተትም ወደ 50 ቅስት ሰከንድ (ቅስት ሰከንድ የቅስት ደቂቃ 60ኛ ነው) ወረደ።

ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ሰማይ በደካማ የኤክስሬይ ምንጮች የተሞላ ነው፣ የጥር ወሩ ስህተት ትዝታም ትኩስ ነበር። ማስረጃ የሚሆነው መክሰሙ ነው። መጋቢት 3 ምሽት፣ ከፍንዳታው ሦስት ቀን ተኩል በኋላ፣ ሳተላይቱ ወደዚያው ቦታ ተመልሶ ዞረ፤ ምንጩ 20 ጊዜ ያህል ደብዝዟል። ነበልባሉ በ80 ሰከንድ ቢያልቅም ረመጡ ለቀናት ይግላል ማለት ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ቀሪ ክፍል «ረመጥ» የምንለው ይህንኑ ነው። የፍንዳታው ፍርስራሽ ከብርሃን ፍጥነት ጋር ተቀራራቢ በሆነ ፍጥነት በዙሪያው ካለው ጋዝ ጋር ሲላተም እንዲህ ያለ ረመጥ እንደሚተው አስቀድሞ በንድፈ ሐሳብ ተተንብዮ ነበር።

ፍሰቱ ከጊዜ ጋር የሚቀንሰው በጊዜው 1.3 ያህል ርቢ ነው። ይህች ቁጥር የሥራውን ሁሉ አካሄድ ትወስናለችና ጥቂት እናቆያት። በ8 ሰዓት ፋንታ በ16 ሰዓት ቢደረስ ኖሮ ምንጩ 2.5 ጊዜ ይደበዝዝ ነበር። እንደ 1996ቱ ፍንዳታ 45 ቀን ቢቆዩ ደግሞ 600 ጊዜ ያህል፤ ያኔ ጠባቡ ዓይን የሚያየው ሌላ፣ ምንም የማያገባውን ምንጭ ነው። ከመዘግየት የሚመጣውን ኪሳራ በመሣሪያ ጥራት መመለስ እንደማይቻል ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ስሌት የለም።

የኤክስሬዩ ክብ ገና ሲጠብ ዜናው በምድር ወዳሉ ቴሌስኮፖች ደርሶ ነበር። በአምስተርዳም የያን ቫን ፓራዳይስ ቡድን፣ ከተማሪዎቹ ፖል ግሮትና ቲቱስ ጋላማ ጋር፣ በካናሪ ደሴቶች ላ ፓልማ ላይ ባለው 4.2 ሜትር የዊልያም ኸርሼል ቴሌስኮፕ ምስል እንዲነሣ አደረገ። ሰዓቱ ከእኩለ ሌሊት ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ከፍንዳታው 21 ሰዓት ያህል በኋላ ነው፤ ኦራዮን ወደ ምዕራብ አዘቅዝቆ ከአድማስ በላይ ከ30 ዲግሪ በታች ወርዶ ነበር፣ ትንሽ ቢዘገይ ለዚያ ሌሊት አበቃ። አንድ ምስል ለብቻው ምንም አይናገርም፤ በ3 ቅስት ደቂቃው ክብ ውስጥ ብዙ ደካማ ኮከቦችና ጋላክሲዎች አሉ። መጋቢት 8 በድጋሚ ተነሣ፣ ሁለቱ ምስሎች ተነጻጸሩ። የመጀመሪያው ላይ 21.3 ማግኒቲዩድ (የብሩህነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ብርሃኑ ይደክማል) የነበረ ነጥብ ሁለተኛው ላይ ከ23.6 ይበልጥ ደክሞ ጠፋ፤ ቢያንስ 8 ጊዜ ደብዝዟል ማለት ነው። 21.3 ማለት በባዶ ዓይን ከሚታየው የመጨረሻ ደካማ ኮከብ ከአንድ ሚሊዮን ጊዜ በላይ የደበዘዘ ነው። ነጥቡ ከአንድ ተራ ኮከብ ጥቂት ቅስት ሰከንድ ብቻ ርቆ ስለነበር፣ በደበዘዘ አየር ለተነሣ ምስል ሁለቱ ተዋህደው አንድ መምሰላቸው አይቀርም ነበር።

በእነዚህ ቀናት ሌላ የቆየ ዘዴም ማረጋገጫ ሰጥቷል። ፀሐይን ዋልታ ለዋልታ ይዞር የነበረው ዩሊሲስ መንኮራኩር እስከ ጁፒተር ርቀት ድረስ ይሄድ ነበርና ፍንዳታውን ከምድር አካባቢ በተለየ ሰዓት መዘገበ። የመድረሻ ሰዓት ልዩነቱ ምንጩ በሰማይ ላይ በአንድ ቀጭን ቀለበት ላይ መሆኑን ይናገራል። የቀለበቱ ውፍረት የሰዓቱ ስህተት በርቀቱ ሲካፈል የሚገኝ ነው፤ ሁለቱ መንኮራኩሮች በብርሃን ጉዞ 2000 ሰከንድ ቢራራቁና የሰዓቱ ስህተት 0.1 ሰከንድ ቢሆን ውፍረቱ 10 ቅስት ሰከንድ አካባቢ ይሆናል። ጥራቱ ያስቀናል። ነገር ግን ቀለበት እንጂ ነጥብ አይሰጥም፣ ከሩቅ መንኮራኩር መረጃ እስኪወርድም ረመጡ ይከስማል። ስለዚህ የወንፊቱን ክብ ለማጥበብ ይጠቅማል፣ ሊተካው ግን አይችልም።

መጋቢት 10 ላይ ሮሳት የተባለው የጀርመን ሳተላይት ረመጡን በሹል ኤክስሬይ ካሜራው ፈልጎ አገኘው፤ ቦታው ከላ ፓልማው ነጥብ ጋር በ2 ቅስት ሰከንድ ገጠመ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ አንድ ነገር መሆናቸውን በቁም ነገር የተጠራጠረ የለም።

ክርክሩ ግን አላለቀም፣ መልኩን ቀየረ። የሀብል ቴሌስኮፕ በመጋቢት መጨረሻ ሲመለከት ነጥቡ በአንድ ደብዛዛ ጭጋግ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ታየ። ጭጋጉ ሩቅ ጋላክሲ ከሆነ የፓቺንስኪ ወገን አሸንፏል። ወዲያው ደግሞ ነጥቡ በቀናት ውስጥ ቦታውን ቀይሯል የሚል ሪፖርት ወጣ፤ እውነት ቢሆን ኖሮ ምንጩ እዚሁ ጎረቤታችን ነው ማለት ነበር፣ ሩቅ ነገር በዚያ ፍጥነት ሲንቀሳቀስ ሊታይ አይችልምና። የሀብል ምስሎች ዳግመኛ ሲለኩ እንቅስቃሴው አልተገኘም። ኦራዮን ወደ ፀሐይ ብርሃን ገብቶ በመስከረም ሲመለስ ሀብል ሦስተኛ ጊዜ አየ፤ ነጥቡ እየከሰመ ሄዷል፣ ጭጋጉ ግን እንደነበረ አለ። የሚከስመው ረመጡ፣ የማይከስመው የሚኖርበት ጋላክሲ ነው።

የዚህን ጋላክሲ ርቀት መለካት ዓመታት ወሰደ፤ እጅግ ደብዛዛ ስለነበር በሃዋይ ባሉት 10 ሜትር የኬክ ቴሌስኮፖች ብዙ ምልከታ ጠየቀ፣ ውጤቱም 0.695 የሚል ቀይ ሽግግር (ብርሃኑ በዩኒቨርስ መስፋት የተለጠጠበት መጠን፣ ርቀት የሚለካበት) ሆነ። ክርክሩን የዘጋው ግን የግንቦቱ ታናሽ ወንድሙ ነው። ግንቦት 8 ቀን 1997 ቤፖሳክስ ሌላ ፍንዳታ ያዘ፣ ጠባቡ ዓይን በ6 ሰዓት ገደማ ደረሰ፣ የኬክ ቴሌስኮፕም ረመጡ ገና ብሩህ ሳለ ብርሃኑን በታተነ። በብርሃኑ ላይ በመንገድ ያለ ጋዝ የተወው የብረትና የማግኒዚየም አሻራ ተገኘ፤ ቀይ ሽግግሩ ቢያንስ 0.835። ብርሃኑ የተነሣው ምድር ገና ሳትፈጠር ነው።

በዚያው ዓመት የሳተላይቱ ጃይሮስኮፖች ተራ በተራ ወደቁ። ኢንጂነሮቹ ያለ እነርሱ በቀሩት መሣሪያዎች አቋሙን የሚጠብቅ ሶፍትዌር ጽፈው ሥራውን እስከ ሚያዝያ 30 ቀን 2002 አስቀጠሉት፤ በዚህ ዕድሜው ከ50 በላይ ፍንዳታዎችን በሰፊ ካሜራዎቹ አድራሻ ሰጥቷል። በሚያዝያ 2003 ወደ ፓስፊክ ውቅያኖስ ወደቀ።

የስምንት ሰዓቷን ሰንሰለት ያሳጠረው ኅዳር 20 ቀን 2004 የተወነጨፈው ስዊፍት ነው። የሥራ ክፍፍሉ ያው ነው፦ ወንፊት፣ ከዚያ ጠባብ ዓይን። ወንፊቱ አሁን ከሃምሳ ሺህ በሚበልጡ የ5 ሚሊ ሜትር የእርሳስ ማዕድን ንጣፎች ተሠርቷል፤ ከበታቹ 32,768 የካድሚየም ዚንክ ቴሉራይድ ቁርጥራጮች ይቆጥራሉ፤ የደወሉም ሆነ የአድራሻው ሥራ በአንድ መሣሪያ ተጠቃሏል። ለውጡ ሰውየው ከሮም ወጥቶ በሶፍትዌር መልክ ሳተላይቱ ላይ መሳፈሩ ነው። ኮምፒውተሩ ራሱ ምስሉን ሠርቶ፣ አድራሻውን በጥቂት ቅስት ደቂቃ ወስኖ፣ ፀሐይና ጨረቃ አለመከለላቸውን አይቶ፣ ማንንም ሳይጠይቅ ይዞራል፤ ኤክስሬይ ቴሌስኮፑ በ1 እና 2 ደቂቃ ውስጥ ዒላማው ላይ ነው። አድራሻው በመገናኛ ሳተላይት በሰከንዶች ወደ ምድር ይደርሳል። ሙሉው የምልከታ መረጃ ግን እንደ ድሮው ተከማችቶ ይቆይና ሳተላይቱ በኬንያ ጠረፍ ሲያልፍ ወደ ማሊንዲ አንቴና ይራገፋል።